በአማርኛ አንበሳ፣ በእንግሊዝኛ ዝም፦ ክፍሌን ምን ላድርገው?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆችን አስተምራለሁ። ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አካዳሚክ ጽሑፍና ውይይት እንዳስተምር ተሰጠኝ። 54 ናቸው። ውይይት ስከፍት ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሚያወሩት ሦስት ሰቃዮች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ደብተሩን ያያል። ሴቶቹማ ጭራሽ። ድርሰት ሳዛቸው ግማሹ «ናዎዴይስ» ብሎ ይጀምራል፣ ግማሹ ቻትጂፒቲ አስጽፎ ያመጣል። እኔ እሁድ እሁድ ስሞነጫጭር እውላለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። የሚገርምዎት ደግሞ፣ ከክፍል ወጥተው በአማርኛ ሲከራከሩ አንበሳ ናቸው። ችግሩ እንግሊዝኛው ነው? ባህላችን ነው? ወይስ እኔ ነኝ? ወንበሮቹም ተያይዘው የተሠሩ ስለሆኑ ክብ ሠርተን መቀመጥ እንኳ አንችልም። ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ።»

ግራ የገባሽ የማራኪዋ መምህርት፣

ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። «ናዎዴይስ» የምትባለዋን ቃል እኔም ሳርማት ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ከክፍል ወጥተው በአማርኛ ሲከራከሩ አንበሳ ናቸው» ብለሻል። በይ ከእሷ እንጀምር።

ልጆቹ መከራከር ይችላሉ ማለት ነው። ማስረጃ መጥራት ያውቃሉ። የሌላውን ቃል ይዞ መመለስ ያውቃሉ። ነገር ሲከር ማላላትም ያውቃሉ። አንድ ቀን ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ ስትሄጂ የፋሲል ግንብን እድሳት አንሺና ዝም በይ። ሹፌሩ አቋም አለው። ከኋላ የተቀመጡት እናት አይስማሙም። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን…» ይላል። አካዳሚክ ጽሑፍ የምንለው ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚያች «ግን» ዙሪያ ነው። ተማሪዎችሽ ያጡት ይቺን «ግን» ክፍል ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ መምህር ፊት የማለት ፈቃድ ነው።

ለምን አጡት? ያደጉት «ዝም አይነቅዝም» እየተባሉ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መምህር ጠየቀ ማለት አንድ ትክክለኛ መልስ አለ ማለት ነበር፤ የማያውቅ ዝም ይላል። በዚያ ላይ ሙድ የሚይዝ ጓደኛ አለ። እኔ ክፍል አንድ ልጅ «ዴቨሎፕመንት» ለማለት ምላሱ ተሳስሮ «ዴቭሎፕ… ዴቭሎፕ…» አለ። በነጋታው ዶርም ውስጥ ስሙ «ዴቭሎፕ» ሆነ። እስኪመረቅ «ዴቭሎፕ» ተባለ። እኔ ክፍልም ሁለተኛ አፉን አልከፈተም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዚያች ቀን ክፍሉ ሲስቅ እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ ልጁ ደግሞ ያየው እኔን ነበር።

ስለዚህ ሳቅን በተመለከተ ሕግሽን በመጀመሪያው ቀን አስቀምጪ። ብዙ ሳትሰብኪ፣ ኮስተር ብለሽ።

ቀጥሎ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ውስጥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። አብዛኛው የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን መልሱ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። እነዚያ ልጆች የሚመልሱት በአብዛኛው በራሳቸው ቋንቋ ነው። ያንቺዎቹ መጀመሪያ በአማርኛ ያስባሉ፣ አለዚያም በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በትግርኛ። ክፍልሽ ውስጥ ሁሉም የጎንደር ልጅ አይደለምና ይሄን አትርሺ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጡታል፣ ከዚያ ሰዋስዉን ይፈትሻሉ፣ ከዚያ ደፍረው እጅ ሊያወጡ ሲሉ አንቺ ለሦስቱ ሰቃዮች ዕድሉን ሰጥተሻል። አሥር ድረስ በሆድሽ ቁጠሪ። ሲጀመር ያስጨንቃል። ሰሌዳ ጥረጊ፣ ውኃ ጠጪ፣ ብቻ አትናገሪ።

ከዚያም ቢሻል፣ ሳይናገሩ በፊት ጻፉ በያቸው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፤ ሁለት ደቂቃ ለብቻ በወረቀት፣ ሁለት ደቂቃ ከጎን ካለው ጋር፣ ከዚያ ለክፍሉ። ወረቀት የያዘ እጅ ብዙም አይንቀጠቀጥም። ከጎን ካለው ጋር ያለችውን ሁለት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይሁን። «እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ?» የሚልሽ ባልደረባ አይጠፋም። ይበል። ሐሳቡ ያልተፈለፈለ ልጅ የሚናገረው እንግሊዝኛ የለውም።

ሴቶቹን ድንገት ስም ጠርተሽ አታስነሻቸው። ዛሬ ከክፍል ስትወጡ አንዷን ጠጋ ብለሽ «ሐሙስ በዚህ ጥያቄ ከአንቺ ነው የምጀምረው» በያት። ተዘጋጅታ ትመጣለች። እኔ ይሄን የጀመርኩት በአጋጣሚ ነበር፣ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ሳልጠራቸው የሚናገሩ አራት ሴቶች አገኘሁ። ሰቃዮቹንም አታሳጪያቸው። ሥራ ስጪያቸው፦ የሌሎችን ሐሳብ እየሰበሰቡ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ለእነሱ ያስቸግራቸዋል፣ ደስ ይላል።

የቡድን ሥራ ካዘዝሽ 1ለ5ን አስታውሺ። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ያስገባሉ። ከሦስት ሰው በላይ አታድርጊ፣ ከሦስቱም አንዱ የግድ ተቃዋሚ ይሁን። ባይቃወምም ይቃወም። ሥራው ስለሆነ ጓደኛው አይቀየመውም።

አንድ ሕግ ደግሞ አለች፤ ብዙ የለወጠችልኝ እሷ ናት። ማንም ከመናገሩ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ያለውን በራሱ ቃል ይድገም፤ ባለቤቱ «አዎ፣ እንደዛ ነው ያልኩት» እስኪል ሐሳቡን አያምጣ። በድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው «ተጠየቅ» ሲባል ለተጠየቀው ነበር የሚመልሰው፤ የራሱን ብቻ ዘፍኖ አይቀመጥም። ክርክሩ የሚያምረው በዚህ ነው። የእኛ ክፍል ውይይት ግን ብዙ ጊዜ አምስት ሰው ተራ በተራ አምስት ንግግር የሚያደርግበት ነው። አንዱ ሌላውን ሳይሰማ።

እዚህ ላይ «ባህላችን ነው?» ያልሽውን ልመልስ። ሮበርት ካፕላን የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1966 እ.ኤ.አ. የየአገሩን ሰው አንቀጽ በሥዕል አሳየ። የእንግሊዝኛው ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የእስያው ክብ እየሠራ ይዞራል፣ የሌላው ይጠማዘዛል። በኋላ ብዙ ሰው ተቸው፤ እውነትም ሰውን በመስመር መሳል ይከብዳል። እኛ አገር ግን ነገሩ «ሰምና ወርቅ ስለለመድን በቀጥታ መጻፍ አንችልም» ተብሎ ይቀርባል። እኔ አይዋጥልኝም። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ቃል አያባክንም። «ናዎዴይስ» ብሎ ሦስት መስመር ባዶ የሚጽፈው ልጅ ቅኔ ቤት አልገባም።

የገባ አንድ ልጅ ግን ነበረኝ። ከገጠር የመጣ፣ ድሮ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ዝምተኛ። ድርሰቱ ግን ከሁሉም አጭርና ንጹሕ ነበር። ቢሮ ጠርቼ «ማን አስተማረህ?» አልኩት። አፍሮ መሬት መሬት እያየ ስለ ቅኔ ቤቱ ነገረኝ። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምቶ እዚያው ያርመዋል። የሚጀምረው ደግሞ በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። እያደገ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። «በመጀመሪያ ቀን መወድስ አምጣ የሚል መምህር የለም» አለኝ። ክፉ አልተናገረኝም፣ ግን ገባኝ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ገጽ ድርሰት አዝዤ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማስተምርበትን መንገድ ቀየርኩ። አንቺም ሞክሪው። በየክፍለ ጊዜው የሁለት ዓረፍተ ነገር ጽሑፍ፣ በእጅ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ያለውን ይናገራል። ሁለተኛው ይመልስለታል። ለምሳሌ ስለ ግንብ እድሳት አንድ ገጽ አንብበዋል እንበል። አንዱ እንዲህ ይጽፋል፦ «ጸሐፊው የግንቡ ግድግዳ በኖራ መለሰን አለበት ይላል። ይሁን እንጂ ልስኑ ድንጋዩን ስለሚሸፍነው ጎብኚ ሊያየው የመጣውን እርጅና ያጠፋዋል።» በቃ። «ናዎዴይስ» የምትገባበት ቀዳዳ የለም። ለማን እየመለሰ እንደሆነ ያወቀ ልጅ ከአዳምና ሔዋን አይጀምርም።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፦ ማስረጃ። በአምስተኛው አራተኛ፦ ማስረጃው ከሐሳቡ ጋር በምን ይገናኛል? ይቺ አራተኛዋ ናት የምታስለቅሰው። ፈላስፋው እስቲቨን ቱልሚን በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ሙግት አሠራር ሲጽፍ ለብቻዋ ስም ሰጥቷታል፤ እኔ ለተማሪዎቼ «ድልድይ» ነበር የምላት። ማስረጃ ወዲያ ማዶ፣ ሐሳብ ወዲህ ማዶ፤ ድልድዩን ያልሠራ አንባቢውን ወንዝ ውስጥ ይከተዋል።

አንድ ጊዜ ስለዚሁ ግንብ «ኦል ቱሪስትስ ሄት ኒው ዎልስ» ብሎ የጻፈ ልጅ መጣ። ቱሪስት ሁሉ አዲስ ግድግዳ ይጠላል ማለቱ ነው።

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«አስጎብኚ ነገረኝ።»

«ስንት አስጎብኚ?»

«አንድ። የአክስቴ ልጅ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እንዲህ ዓይነቱ ሳቅ ደህና ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አብረን ደረጃ በደረጃ አወረድነው። «ሁሉም ይጠላል» አለ፣ «ብዙዎች ይጠላሉ» አለ፣ «አንዳንዶች ላይወዱት ይችላሉ» አለ፣ በመጨረሻ «አንድ አስጎብኚ እንደሚለው፣ አንዳንድ ጎብኚዎች ላይወዱት ይችላሉ» ላይ ቆመ። «ይሄማ ምንም አላልኩም ማለት ነው!» ብሎ ተከፋ። የለም፣ አሁን ገና እውነት ተናገርክ አልኩት። ለተማሪዎቹ፣ ለጥንቃቄ የሚሆን ቃል ያላቸው እንግሊዞች ብቻ ይመስላቸዋል። አማርኛችን ሞልቶታል፦ «ይመስለኛል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «አሉ»። እናታቸው የጎረቤት ወሬ ስትነግራቸው «አሉ» ሳትጨምር አትጨርስም። የሰማችውን ካየችው ትለያለች። ይቺን አሳይተሽ «ሜይ» እና «ሲምስ» ወዳሉት ውሰጃቸው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባቸዋል። «ሰጀስት» እና «ፕሩቭ» መካከል ያለውንም ልዩነት እንዲሁ። አንዱ ጠቆመ ነው፣ ሌላው አረጋገጠ።

እርማቱ። 54 ወረቀት፣ ለአንዱ 10 ደቂቃ ብትሰጪ 540 ደቂቃ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት። እሁድሽ አለቀ። ይሄ ሁሉ ቀይ ቀለም ይጠቅማል ወይ የሚለውም ራሱ ያጨቃጭቃል። ጆን ትረስኮት የሚባል የቋንቋ ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. ሰዋስው ማረም ለጸሐፊዎች አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ተመራማሪ ዳና ፌሪስ በ1999 መለሰችለት፤ የለም፣ በአግባቡ ከታረመ ይጠቅማል አለች። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ሁሉንም ስህተት አንድ ላይ ማረም እንደማይጠቅም ግን በእጄ አይቻለሁ። አንዷ ተማሪዬ ወረቀቷን ተቀብላ አየት አደረገችና «መምህር፣ የእኔ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተዉልኝም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

በሳምንት አንድ ነገር ብቻ እረሚ። ይህ ሳምንት የግሥ ጊዜ ከሆነ ሌላውን እያየሽ እለፊ። ያማል፣ ግን እለፊ። ከሥሩ አስምሪበትና ራሱ ያርመው። ከዚያ ደግሞ የቅኔ ቤቱን ነገራ አምጪ፦ ሌሎቹ እየጻፉ ሳለ ተማሪው ወደ ጠረጴዛሽ ይምጣ፣ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አንቺ አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ዘጠኝ ልጅ ብትሰሚ 18 ደቂቃ ነው፤ በስድስት ክፍለ ጊዜ 54ቱም ይዳረሳሉ። ብዙው ልጅ ስህተቱን ሲያነበው በራሱ ጆሮ ይሰማዋል። ቆም ይልና «ይቅርታ» ብሎ ያስተካክላል። አንቺ ምንም አላልሽ።

የቻትጂፒቲም ነገር አብዛኛው በዚሁ ያልቃል። ክፍል ውስጥ በእጅ የጻፈና ቀርቦ የተጠየቀ ልጅ የት ያስጽፋል? ፖሊስ አትሁኚ፣ አትችዪውም። ግቢው በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የድሮ አሳይመንት ሲሸጡ እኛም አልቻልናቸውም። ረቂቁን ከጨረሰ በኋላ ግን «ይሄን ሐሳብ ተቃወመኝ» ብሎ ማሽኑን ቢጠይቅና ለተቃውሞው ራሱ ቢመልስ እኔ ቅር አይለኝም።

«ማርክ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁሻል። አለው በያቸው። ትንሽ፣ ግን በየጊዜው። ማርክ የሌለው ነገር የሚሠራ ተማሪ እኔ አላየሁም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አልሠራም ነበር።

ስለ ቃላት ብዙ አልልሽም። አንድ ሰሞን «ፕሌቶራ» የምትባል፣ «እጅግ ብዙ» ለማለት የምትገባ ቃል ግቢውን ወርራው ነበር፤ ማን እንዳመጣት አይታወቅም። ከእንደዚህ ዓይነቷ ይልቅ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው፣ ማለትም ከአንድ ቃል የሚወለዱ ቃላት እንደ አንድ ተቆጥረው፤ ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። እንዲሸመድዱት አትስጪያቸው። በየሳምንቱ ካነበቡት ገጽ ላይ አምስቱን ይልቀሙና በሁለቷ ዓረፍተ ነገራቸው ውስጥ ይጠቀሙባቸው።

በዓመቱ መጨረሻ የጥናት ጽሑፍ መግቢያ ላይ ስትደርሺ የአካዳሚክ ጽሑፍ ተመራማሪውን ጆን ስዌልስን ታገኚዋለሽ። የጥናት መግቢያ ሦስት እርምጃ አለው ይላል፦ መስኩን ማሳየት፣ ያልተሞላውን ቦታ ማሳየት፣ እዚያ ቦታ መግባት። ተማሪ ይሄን ሲሰማ ያፈጣል። እኔ ቅዳሜ ገበያ ይዣቸው እሄድ ነበር፣ በሐሳብ ማለቴ ነው። ይህ የቅመም ተራ ነው። እዚህ በርበሬ ይሸጣል፣ እዚያ ጥቁር አዝሙድ ይሸጣል። ኮረሪማ የያዘ ግን የለም። እኔ ኮረሪማ ይዤ መጣሁ። ሦስት እርምጃ፣ አለቀ። አንዱ ተማሪ «ኮረሪማ የሌለው ፈላጊ ስለሌለው ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይሄ ጥያቄ ከስንት መመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል። «ማንም አላጠናውም» የሚል ልጅ ሲመጣብሽ ይሄንኑ ጠይቂው።

ወንበሮቹን አልረሳሁም። ያው እንደ እኛ ጊዜ ናቸው ማለት ነው። ከመሬት አትነቅዪአቸውም፣ ደብዳቤ ብትጽፊም መልሱ ዓመት ይፈጃል። የፊተኛው ረድፍ ሰውነቱን ወደ ኋላ ያዙር፤ ሁለት ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ፣ ሦስት ሞላልሽ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀሩትን አንቺ ሄደሽ ከጎናቸው ተቀመጪ። ወረቀቱን ደግሞ ለሁለት ቀደሽ ግማሽ ግማሹን አድያቸው። ሙሉ ገጽ ያስፈራል፣ ግማሹን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሞላዋል።